አልነሳ ያለው ፋየርዎል

ፋየርዎል የሚሞትበት ቀንና ሞቱ የሚታወቅበት ቀን ብዙ ጊዜ ለየቅል ናቸው። መብራት ሄዶ ይመጣል፤ ወይም የአይቲ ክፍሉ ባለሙያ ሶፍትዌር ሊያድስ ብሎ ሳጥኑን ሪስታርት ያደርገዋል። የኃይል ምልክቱ ይበራል፣ ማቀዝቀዣው ይሽከረከራል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። አሥር ደቂቃ ይጠበቃል፤ ይነቀልና ይሰካል፤ እንደገና ይጠበቃል። ከዚያ ወቀሳው ይጀመራል። አንዱ መብራት ኃይልን፣ ሌላው የኢንተርኔት አቅራቢውን፣ ሦስተኛው አዲሱን ሶፍትዌር ይከሳል። እውነተኛዋ ተከሳሽ ግን ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደች አንዲት የፍላሽ ቺፕ ልትሆን ትችላለች። እሷ ደግሞ ሥራ ካቆመች ሳምንታት አልፈው ይሆናል።

ይህ የሚሆነው ፋየርዎል አንዴ ከተነሳ በኋላ ዋና ሥራውን የሚሠራው በራም ላይ ስለሆነ ነው። ፓኬት ሲመጣ ደንቡን አይቶ ያሳልፋል ወይም ይመልሳል፤ ለዚህ ዲስክ አያስፈልገውም። ስለዚህ ማከማቻው ቢሞትም ትራፊኩ ይፈሳል፣ ሠራተኛውም ምንም ሳያውቅ ኢሜይሉን ይልካል። ምልክቱ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። የአስተዳዳሪው ገጽ ሲከፈት ይንጠለጠላል። ትናንት የተጨመረ ደንብ ዛሬ የለም። ሎጉ አንድ ቀን ላይ ደርሶ ቀጥ ብሏል። በፍሪቢኤስዲ ላይ የተሠሩት ሳጥኖች ማከማቻው መልስ እንዳልሰጠ የሚናገሩ መልእክቶችን ኮንሶል ላይ ይደረድራሉ። በሊኑክስ ላይ የተሠሩት ደግሞ ፋይል ሲስተሙን ለንባብ ብቻ አድርገው ይቀጥላሉ።

በዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ሳጥን ሪስታርት መደረግ የለበትም። መጀመሪያ ኮንፊገሬሽኑን ከሚሠራው ማሽን ቀድቶ ላፕቶፕ ላይ ማስቀመጥ ነው። በሲስኮም ሆነ በፎርቲኔት መሣሪያ ላይ በኮንሶል ወይም በኤስኤስኤች ገብቶ አሁን እየሠራ ያለውን ኮንፊግ ስክሪን ላይ ማሳየትና ጽሑፉን መገልበጥ ይቻላል። ለዚያ ዲስክ ላይ መጻፍ አይጠይቅም። ሳጥኑ ከጠፋ በኋላ ይህ ዕድል የለም።

ቺፑ ለምን ይሞታል? ፍላሽ መረጃ የሚይዘው በጥቃቅን ሴሎች ውስጥ ኤሌክትሮኖችን በማሰር ነው። ቴክኖሎጂውን በ1980ዎቹ የፈለሰፉት የቶሺባው ኢንጂነር ፉጂዮ ማሱኦካ ናቸው። ኤሌክትሮኖቹ የሚገቡትና የሚወጡት ቀጭን የኦክሳይድ ሽፋን አልፈው ስለሆነ፣ በተጻፈና በተደመሰሰ ቁጥር ሽፋኑ ትንሽ ትንሽ ይጎዳል። በአንድ ሴል አንድ ቢት ብቻ የሚይዘው ዓይነት 100,000 ገደማ ዙር ይችላል። ሁለት ቢት የሚይዘው ከ3,000 እስከ 10,000፣ ሦስት ቢት የሚይዘው ደግሞ ከ1,000 እስከ 3,000 አካባቢ ነው። ገበያው የሄደው ወደ ርካሹና ወደ ብዙ ቢት ስለሆነ፣ የዛሬው ቺፕ ከአያቱ ብዙ ይይዛል፣ ጥቂት ግን ይጻፍበታል።

ስሌቱን ወረቀት ላይ ማየት ይቻላል። 16 ጊጋባይት የሆነና 3,000 ዙር የሚችል ቺፕ ጠቅላላ አቅሙ 48,000 ጊጋባይት ነው። ፋየርዎሉ በሴኮንድ 200 ኪሎባይት ቢጽፍ በቀን 17 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። በዚህ ሒሳብ ቺፑ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ መቆየት ነበረበት። ነገር ግን ፍላሽ ላይ ጥቂት ባይት ለይቶ መደምሰስ አይቻልም፤ የሚጻፈው በገጽ፣ የሚደመሰሰው በብዙ ገጾች ጥቅል ነው። አንዲት የሎግ መስመር ለመጨመር ቺፑ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው መረጃ ከመስመሯ ብዙ እጥፍ ይሆናል። እጥፉ አራት ብቻ ነው ብንል እንኳ ሰባት ዓመት ተኩሉ ከሁለት ዓመት በታች ይወርዳል። ይህ ደግሞ የዋስትናው ጊዜ አልቆ ሁለተኛው በጀት ገና ያልተፈቀደበት ወቅት ነው።

በር ላይ የቆመ ዘበኛ ገቢ ወጪውን ሁሉ ሲመዘግብ ደብተሩ ስላለቀበት በሩን ዘግቶ ሄደ እንደማለት ነው። የጥበቃው ሥራ ምንም አልደከመም፤ የደከመው ምዝገባው ነው።

የዚህ ዓይነት ሞት በይፋ የተመረመረው በፋየርዎል ሳይሆን በመኪና ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን ቴስላ 158,000 ያህል ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪኖችን እንዲጠራ ጠየቀ። የመኪኖቹ ስክሪን ኮምፒውተር 8 ጊጋባይት የሆነ የተበየደ ፍላሽ ነበረው፤ ባለሥልጣኑ እንዳሰላው በቀን 1.4 ዙር እየተጻፈበት 3,000 ዙሩን በአምስትና ስድስት ዓመት ይጨርሳል። ሲያልቅ የኋላ ካሜራው ይጠፋል፣ የመስታወት ጉም ማጥፊያው መቆጣጠሪያ አይታዘዝም። ኩባንያው እንዲህ ያለ ዕቃ መኪናው እስከሚያረጅ ድረስ ይኑር ብሎ መጠበቅ አይቻልም ሲል ተከራከረ፤ በየካቲት ወር ግን 135,000 ገደማ መኪኖችን ለመጥራት ተስማማ። ፋየርዎልን የሚመለከት እንዲህ ያለ ባለሥልጣን የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ብቻውን ይመረምራል፣ ብቻውን ይከፍላል።

የሚያስገርመው ሙያው ይህንን ቀድሞ ያውቅ የነበረ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ማኑኤል ካስፐር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ሞኖዎል የተሰኘ ትንሽ ፋየርዎል ለሕዝብ ሲለቅ፣ ሲስተሙ ከኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ተነስቶ ሙሉ በሙሉ በራም ላይ ይሠራ ነበር። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ኮንፊጉ ሲቀየር ብቻ ነው። ከሞኖዎል የተወለደው ፒኤፍሴንስም ለካርድ የሚሆን ናኖቢኤስዲ የሚባል የተለየ ቅጂ ነበረው፤ ካርዱን ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል፣ ሎጉን ራም ላይ ይይዛል። ዲስክ እየረከሰ ሲመጣ ቅጂው አላስፈላጊ ተባለና እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 2.4 ላይ ቀረ። ከዚያ ዜድኤፍኤስ የተሰኘው ፋይል ሲስተም መጣ። ዜድኤፍኤስ መብራት ድንገት ሲጠፋ ፋይል እንዳይበላሽ በማድረግ ከቀድሞው እጅግ ይሻላል። ዋጋው ግን የተጠራቀመውን ለውጥ በየጥቂት ሴኮንዱ ወደ ማከማቻው ማውረዱ ነው፤ ነባሪው 5 ሴኮንድ ነው። የተበየደ 8 ወይም 16 ጊጋባይት ፍላሽ ባላቸው አነስተኛ ሳጥኖች ላይ የትራፊክ መመልከቻና የጥቃት መለያ ፕሮግራሞች ሲጨመሩ ውጤቱ ከላይ ያየነው ስሌት ነው።

ፎርቲኔት በዚህ ረገድ የተሻለ ውሳኔ ወስዷል ማለት ይቻላል። 60ኤፍ የተባለው ሞዴል ለሎግ የሚሆን ዲስክ የለውም፤ ሎግ እዚያው ሳጥኑ ላይ ማከማቸት የሚፈልግ 128 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለውን 61ኤፍ ይገዛል። ገዢዎች ለአንዲት ቁጥር ልዩነት ተጨማሪ ገንዘብ መጠየቃቸውን አይወዱትም። ግን ሲስተሙ የሚነሳበትን ቺፕ ሎግ ከሚጻፍበት ዲስክ መለየት ትክክለኛ ምሕንድስና ነው፤ ዲስኩ ቢሞት ሳጥኑ ይነሳል።

ከድካም ቀጥሎ ሁለተኛው ገዳይ የመብራት መጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ በፋይል ማከማቻ ጉባኤ ላይ የቀረበ ጥናት 15 የተለያዩ ኤስኤስዲዎችን ሆን ብሎ ኃይል እያቋረጠ ፈትኖ፣ 13ቱ ያልተጠበቀ ጉዳት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። ቺፑ መረጃው የት እንዳለ የሚመዘግብበት የራሱ ካርታ አለው፤ ኃይሉ ካርታው ሲጻፍ ከጠፋ መረጃው እያለ መንገዱ ይጠፋል። መብራት ደጋግሞ በሚሄድበት ከተማ፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ ይህ የላቦራቶሪ ጉዳይ አይደለም። ብዙ ቢሮ ሰርቨሩን ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችውን ትንሽ ፋየርዎል ግን ተራ ማከፋፈያ ላይ ይተዋታል።

ሦስተኛው ከድካምም ከመብራትም ጋር ግንኙነት የለውም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 የሰርቨር አምራቹ ኤችፒኢ የተወሰኑ የሰርቨር ኤስኤስዲዎቹ ልክ 32,768 ሰዓት ሲሠሩ እንደሚሞቱ አስታወቀ። 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ማለት ነው። ቁጥሩ ራሱ ምክንያቱ የሰዓት ቆጣሪው ሞልቶ መፍሰሱ እንደሆነ ይጠቁማል። በተከታዩ ዓመት 40,000 ሰዓት ላይ የሚሞቱ ሌሎች ተገኙ። ይህ ታሪክ ፋየርዎልን ጥንድ አድርገው ለሚገዙ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው። በአንድ ቀን ተገዝተው በአንድ ቀን የተሰኩ፣ አንድ ዓይነት ሎግ የሚጽፉ ሁለት ሳጥኖች አንዱ ለሌላው መድን ነው ተብሎ ይታመናል፤ ማከማቻቸው ግን እኩል ነው የሚያረጀው። የአንደኛው ሞት ለሁለተኛው የቀረበ የመጨረሻ ደወል ተደርጎ መወሰድ አለበት።

ምርመራው ታዲያ ከየት ይጀምራል? ከኮንሶል ኬብል። መብራቶቹን መቁጠር፣ በአዝራር ወደ ፋብሪካ ሁኔታ ለመመለስ መሞከር፣ ደጋግሞ መንቀል ጊዜ ማባከን ነው። ኬብሉ ተሰክቶ የተርሚናል ፕሮግራም ይከፈታል። ሲስኮ፣ ፎርቲኔትና ጁኒፐር በአብዛኛው በ9600፣ ፒኤፍሴንስ በ115200 ፍጥነት ይናገራሉ፤ ፍጥነቱ ከተሳሳተ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ዝባዝንኬ ነው፣ ሰዉም ሳጥኑ አብዷል ብሎ ይደመድማል።

ኮንሶሉ ጨርሶ ዝም ካለ ጥርጣሬው ከማከማቻው ይራቅ። መጀመሪያ የኃይል አስማሚው በሌላ ይሞከር፤ ያረጀ 12 ቮልት አስማሚ ምልክቱን የሚያበራ ኃይል እየሰጠ ፕሮሰሰሩን ማስነሳት ሊያቅተው ይችላል። ቀጥሎ የፕሮሰሰሩ ዓይነት ይታይ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ሲስኮ ኤኤስኤ 5506ን፣ 5508ንና 5516ን ጨምሮ በርካታ መሣሪያዎቹ ላይ የአንድ አቅራቢ የሰዓት ምልክት ክፍል ከ18 ወር ገደማ አገልግሎት በኋላ ሊበላሽ እንደሚችል አሳወቀ። ነገሩ የኢንቴል አተም ሲ2000 ፕሮሰሰር ሆኖ ተገኘ፤ ያንን ፕሮሰሰር የያዙ የሌሎች ኩባንያዎች ሳጥኖችም ተነኩ። የሰዓት ምልክት የሌለው ፕሮሰሰር አንዲት ፊደል አያወጣም። እንዲህ ላለው ሳጥን አዲስ ዲስክ መግዛት ከንቱ ወጪ ነው።

ኮንሶሉ ከተናገረ ግን ነገሩ ይለያል። ባዮሱ ራሱን አስተዋውቆ፣ ራሙን ቆጥሮ፣ ከዚያ የሚነሳበት ዲስክ እንዳጣ ከተናገረ ፕሮሰሰሩም ራሙም ማዘርቦርዱም ደህና ናቸው። አንድ እርምጃ አልፎ ከርነሉ ተነስቶ ዋናውን ፋይል ሲስተም ሲፈልግ ከቆመ፣ የፍሪቢኤስዲ ስህተት ቁጥር ብዙ ይናገራል። 19 ማለት የተባለው ዲስክ የለም፣ 5 ማለት ዲስኩ አለ ግን ማንበብ አልተቻለም ነው። እዚያው የጥያቄ ምልክት ተጽፎ ሲገባ ሲስተሙ የሚያያቸውን ዲስኮች ይዘረዝራል። ዲስኩ ዝርዝሩ ላይ ካለ የፋይል ሲስተም ጥገና ሊያነሳው ይችላል፤ ከሌለ ጥገናው የሚጠግነው ነገር የለም። አንዳንዴ ዲስኩ በሐሰተኛ ስም ይመጣል። የፊሰን ኤስ11 መቆጣጠሪያ ያላቸው ርካሽ ኤስኤስዲዎች ሲበላሹ የፋብሪካ ስማቸውን ጥለው ሳታፈርም ኤስ11 ብለው ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ። ይህን ስም ያየ ሰው ተስፋውን ባካፑ ላይ ያድርግ።

ከሁሉም ምርመራዎች ንጹሕ የሆነው ፎርቲጌት በሚባሉት የፎርቲኔት ሳጥኖች ላይ ያለው ነው። ሳጥኑ ሲነሳ ማንኛውም ቁልፍ ከተጫነ የቡት ሜኑ ይመጣል፤ ጂ ሲመረጥ ሶፍትዌሩን ከላፕቶፕ በቲኤፍቲፒ ይጠይቃል። በነባሪው ላፕቶፑ 192.168.1.168፣ ሳጥኑ 192.168.1.188 ነው። ፋይሉ ከወረደ በኋላ ሦስት ምርጫ ይቀርባል፦ ዲ ብሎ ዋና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ቢ ብሎ መጠባበቂያ ማድረግ፣ ወይም አር ብሎ ሳያስቀምጡ ማስነሳት። ብዙዎች በቀጥታ ዲን ይጫናሉ። ብልኅ ባለሙያ ግን አርን ይመርጣል። ሶፍትዌሩ ፍላሹን ሳይነካ በራም ላይ ይነሳል፤ ፖርቶቹ ከበሩና የአስተዳዳሪው ገጽ ከተከፈተ፣ ከማከማቻው በቀር ሳጥኑ በሙሉ ጤነኛ መሆኑ ያለ ክርክር ተረጋገጠ። ከዚያ ኤፍ ተመርጦ ፍላሹ ፎርማት ይደረጋል። ፎርማቱ ስህተት ካወጣ ጉዳዩ የዋስትና እንጂ የሶፍትዌር አይደለም።

ሌሎቹም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። የፓሎ አልቶ መሣሪያዎች ሲነሱ የጥገና ሁኔታ የሚባል አላቸው፤ እዚያ ውስጥ ዲስክ መፈተሽም ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መመለስም ይቻላል። የፒኤፍሴንስ አዘጋጅ የሆነው የኔትጌት አርም ሳጥኖች ከዩኤስቢ እንዲነሱ በዩቡት ትእዛዝ ይሰጣቸዋል። የጁኒፐር አነስተኛ ኤስአርኤክሶች ዋናና መጠባበቂያ ሁለት ክፍልፋይ ይይዛሉ፤ ዋናው ሲበላሽ ከመጠባበቂያው ተነስተው መነሳታቸውን በማስጠንቀቂያ ይናገራሉ። ይህ ለተበላሸ ፋይል ጥሩ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ሁለቱም ክፍልፋዮች አንድ ፍላሽ ላይ ስላሉ፣ ማስጠንቀቂያውን አይቶ ችላ ያለ አስተዳዳሪ ቀጣዩ ሪስታርት ላይ ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል። የድሮዎቹ የሲስኮ ራውተሮች በዚህ የተሻሉ ነበሩ፤ ሶፍትዌሩ ፍላሽ ላይ፣ ኮንፊጉ ለብቻው ኤንቪራም ላይ ስለነበር ፍላሹ ሲሞት ደንቦቹ አብረው አይቀበሩም።

እንደገና የተጫነ ሶፍትዌር ከተነሳ ተፈወሰ ማለት አይደለም። ሊሞት የደረሰ ፍላሽ ላይ አዲስ ሲስተም መጫን ራሱ በርካታ ጊጋባይት መጻፍ ነው፤ ሳጥኑ ለሳምንት ይሠራና እንደገና ይወድቃል። ይህ የውሸት ድኅነት ከሙሉ ሞት ይልቅ ብዙ ሰው ያታልላል። የተበየደውን ቺፕ ማንሳትና ሌላ መበየድ የሙቅ አየር መሣሪያና ልምድ ይጠይቃል። ኤም ነጥብ 2 ማስገቢያ ያላቸው ሳጥኖች ላይ ኤስኤስዲ ማስገባት ይቀላል። አዲሱ ዲስክ ላይ የተጫነው ሲስተምና አሮጌው ፍላሽ ላይ የቀረው ቅሪት ግን አንድ ዓይነት የዜድኤፍኤስ ስም ከያዙ ሳጥኑ የትኛውን እንደሚያነሳ ይምታታበታል፤ የአሮጌው ምልክት መደምሰስ አለበት።

በዚህ ሁሉ መሐል ቢሮው ኢንተርኔት የለውም፣ አለቃውም በር ላይ ቆመዋል። የኢንተርኔት መስመሩን በቀጥታ ስዊቹ ላይ መሰካት ለዛሬ ብቻ ተብሎ የሚደረግ ነገር ነው፤ ዛሬ የተባለውም ሳምንት ይሆናል። ሁለት የኔትወርክ ካርድ ያለው ያረጀ ኮምፒውተር ላይ ፒኤፍሴንስ ወይም ኦፒኤንሴንስ ጭኖ መሠረታዊ ደንቦችን ማስገባት ለልምድ ያለው ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ጥበቃውም እውነተኛ ነው።

ባካፑ ካለ ቀሪው ቀላል ነው። የፋየርዎል ኮንፊግ አብዛኛውን ጊዜ ኢሜይል ላይ የሚያያዝ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ የፒኤፍሴንስ ጫኚ ከአሮጌው ዲስክ ላይ ፋይሉን ለማዳን መሞከርም ይችላል። ኔትጌት የሚሰጠው ነጻ የባካፕ አገልግሎት ደግሞ ፋይሉን ሳጥኑ ላይ መስጥሮ ይልካል። ፋይሉን መልሶ ለማግኘት ግን የሳጥኑ መለያ ቁልፍና የምስጠራው ይለፍ ቃል ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱንም ሳጥኑ ላይ ብቻ የተወ ሰው ባካፕ እያለው ባካፕ የለውም።

የቺፑን ዕድሜ መለካት ይቻላል፤ ብዙዎች ይህን አለማወቃቸው ያሳዝናል። ከ5.0 መስፈርት ጀምሮ ኢኤምኤምሲ የሚባሉት የተበየዱ ፍላሽ ቺፖች የተጠቀሙበትን ዕድሜ በ10 በመቶ ደረጃ ይናገራሉ፤ መጠባበቂያ ብሎኮቻቸው 80 በመቶ ሲያልቁም ያስጠነቅቃሉ። ኤምኤምሲ ዩቲልስ የተባለው መሣሪያ ያነበዋል። 70 በመቶ ካለፈ አዲስ ሳጥን ማዘዝ መጀመር ነው፤ በተለይ ዕቃው ከውጭ ምንዛሪ ወረፋና ከጉምሩክ በኋላ በሚደርስበት አገር። እስከዚያው ሎጉን ወደ ሌላ ሰርቨር መላክና ጊዜያዊ ፋይሎችን ራም ላይ ማድረግ መጻፉን ይቀንሰዋል። መጋዘን የተቀመጠ መለዋወጫ ሳጥንም ዘላለማዊ አይደለም። የቺፕ መስፈርት አውጪው ጄዴክ ለግል ኮምፒውተር የሚሆን ኤስኤስዲ፣ የመጻፍ አቅሙን ሲጨርስ፣ ያለ ኃይል በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ዓመት መረጃ እንዲይዝ ነው የሚጠይቀው። የገልፍ ከተማ መጋዘን ከዚያ ይሞቃል።

የሞተው ሳጥን ራሱስ? የደከመ ፍላሽ ብዙ ጊዜ የሚያቅተው መጻፍ እንጂ መነበብ አይደለም። ስለዚህ ባለቤቱ ሊደመስሰው አይችልም፤ የብየዳ መሣሪያ ያለው ሌላ ሰው ግን ሊያነበው ይችላል። ኢሴት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት 18 ያገለገሉ የድርጅት ራውተሮችን ገዝቶ፣ ከመረመራቸው ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ውስጥ የቀድሞ ባለቤቶቹን ኮንፊግና ምስጢር አግኝቷል። እነዚያ ጤነኛ መሣሪያዎች ነበሩ፤ ሊደመሰሱ ይችሉ ነበር። ዋስትናው አሮጌውን ሳጥን መልስ በሚልበት ጊዜ ዲስኩን ነቅሎ ማስቀረት ቺፑ ለተበየደ ቦርድ አይሠራም። ስለዚህ ሳጥኑ ከቢሮ ከመውጣቱ በፊት የቪፒኤን ቁልፎቹ ይቀየራሉ፣ ሰርተፊኬቶቹ ይሰረዛሉ፣ የአስተዳዳሪው ይለፍ ቃልም ሌላ መሣሪያ ላይ ያገለግል እንደሆነ ይጣራል።